እልልታ ሲሰማ የሚቆመው ዳማ ፈረስ

መቀሌን ለመጀመሪያ ጊዜ ያየኋት በፈረስ ጀርባ ላይ ተቀምጬ፣ ፊቴን በነጠላ ተሸፍኜ፣ በነጠላው ስስ በኩል አጮልቄ ነው። ከደሴ እስከ ከተማዋ ዳር ያመጣን የጣልያን ካሚዮን ነበር። ከዚያ ወዲያ ግን ሙሽራ በካሚዮን አማቷ ደጅ አትደርስም ተባለና አንድ ዳማ ፈረስ ቀረበልኝ። እኔ ባደግሁበት በወሎ ሙሽራ የምትሄደው በሰጋር በቅሎ ነው፤ ፈረስ የወንድ ነው። «በቅሎ የላችሁም እንዴ?» ብዬ ሚዜውን ብጠይቀው፣ «በቅሎማ ጦርነቱ በላው፤ ያንቺ ዕድል ፈረስ ነው» አለኝ። ፈራሁ። ደጃፍ ስንደርስ ደግሞ ሴቶቹ እልልታቸውን ሲያቀልጡት ይኼ እንስሳ ደንብሮ ገደል ይከተኛል ብዬ ጋማውን ጨምድጄ ያዝኩ። ፈረሱ ግን ቀጥ ብሎ ቆመ። ጎኑን ለደጃፉ ሰጠ፣ አንገቱን ዝቅ አደረገ፣ እኔን እስኪያወርዱኝ ንቅንቅ አላለም። አንዲት ቀጠን ያሉ ሴት መጡና መጀመሪያ ለእሱ በመዳፋቸው ገብስ አበሉት፣ ከዚያ ወደኔ ዞረው ሳሙኝ። አማቴ ነበሩ። ከፈረስ ቀጥዬ መሳሜ ያን ዕለት አስቀየመኝ።

ቅያሜው ብዙ አልቆየም። እኚህን ሴት እያደር ሳውቃቸው ከፈረሳቸው ሁለተኛ መሆን እንኳ ትልቅ ማዕረግ መሆኑ ገባኝ። ስለ እሳቸው ሳልጽፍ ብሞት ይቆጨኛል።

መቼም የፈረሱ ነገር እንዲገባችሁ ስለ ሜዳው ላውራችሁ። ከጦርነቱ በፊት መቀሌ ላይ ጥምቀት ማለት ፈረስ ማለት ነበር ይላሉ። እኔ አልደረስኩበትም፤ የሰማሁትን ነው የምናገረው። በከተማው የፈረስ ወሬ ከተነሳ ሽማግሌ ሁሉ ጎልማሳ ይሆናል፤ ከዘራውን እንደ ልጓም ይይዝና ከተቀመጠበት መደብ ላይ መጋለብ ይጀምራል። ታቦታቱ ገብተው፣ ሰዉ እህል ውሃ ከቀመሰ በኋላ፣ ከእንደርታ ገጠሮች የመጣው ባለፈረስ ሁሉ ከከተማው ውጭ ባለው ሰፊ ሜዳ ላይ ይሰለፋል። ፈረሶቹ ግላስ ለብሰው፣ ጋማቸው ተጎንጉኖ፣ ግንባራቸው ላይ ቀይ ጨርቅ ታስሮ ነው የሚመጡት። መጀመሪያ ጉግስ ነው። አንዱ ይሸሻል፣ ሌላው ዘንጉን እያሽከረከረ ያባርረዋል፣ የሚሸሸው በጋሻው ይመክታል። ጉግሱ ካለቀ በኋላ ሽምጥ ግልቢያው ይመጣል፤ ከዓይናለም መንደር በኩል ካለው ጉብታ ተነስቶ እኛ ዋርካ እስከምንለው ትልቁ የዳዕሮ ዛፍ ድረስ። ከዛፉ መለስ ብለው ግራና ቀኝ የሚቆሙት ሴቶች ናቸው። እዚያ ሜዳ ላይ የፈረሰኛው ክብር የሚለካው በዳኛ ሳይሆን በእነዚህ ሴቶች ጉሮሮ ነበር። ማን እንደቀደመ ሲጨቃጨቁ የሚያመሹ ወንዶች እንኳ እልልታው ለማን እንደደመቀ አይጨቃጨቁም።

በሜዳው ዳር ገበያ ይቆማል። የበዓል ገበያና የሰኞ ገበያ ይለያያሉ፤ ሰኞ የሚመጣው የቸገረው ነው፣ በጥምቀት የሚመጣው ያማረው ነው። ዶቃ፣ መስታወት፣ የአንገት ክር፣ ማር በቅል፣ የገጠር ቅቤ በቅጠል ተጠቅልሎ ይሸጣል። እኛ ጠላ የምንለውን ስዋ የሚሸጡት ሴቶች ጋኖቻቸውን ጥላ ስር ደርድረው፣ የጠጣውን ሰው እያስቀመጡ ያልጠጣውን ይጠራሉ። ከአፋር ጨው የጫኑ ግመሎች በዚያ ቀን ወደ ሜዳው እንዳይጠጉ ራቅ ተደርገው ይታሰራሉ፤ ፈረስ የግመል ሽታ ካገኘው ፈረሰኛውንም ሜዳውንም አያውቅም። ኮርቻ ሠሪው እዚያው መሬት ላይ ተቀምጦ የተበጠሰ እርካብ ይጠግናል፤ ባለፈረሱ አናቱ ላይ ቆሞ «ፍጠን እንጂ!» ይለዋል፣ እሱ ደግሞ ባለፈረሱ በጮኸ ቁጥር መስፊያውን ያስቀምጣል። እኔ እዚህ ዓለም ላይ ብዙ ገበያ አይቻለሁ፤ እንደዚያ ያለ ሳቅና አቧራ የበዛበት አላየሁም።

ጣልያን ሲገባ ግን ብዙ ፈረሰኛ አንድ ቦታ መሰብሰቡን አልወደደውም። ሜዳው ዝም አለ። የባለቤቴ አባት፣ በዚያ ሜዳ ስማቸው የተነሳ ፈረሰኛ የነበሩት ሰው፣ በዚያው ሰሞን በሕመም ሞቱ። ዳማው ገና ልጓም በቅጡ ያልለመደ ወጣት ፈረስ ነበር። ወታደሮች የጭነት ከብት እየሰበሰቡ በየቤቱ ሲዞሩ አማቴ ፈረሱን ቤት ውስጥ አስገብተው፣ ኮቴውን በጨርቅ ጠቅልለው ከመኝታቸው አጠገብ አቆሙት። በሩ ሲንኳኳ አንዲት ጎረቤታቸው ምጥ እንደያዛት ሴት ትጮኻለች። ወታደሮቹ አፍረው ይመለሳሉ። በዚያ ዓመት ያቺ ሴት ስንት ጊዜ እንዳማጠች ሲያወሩ አማቴ እንባቸው እስኪፈስ ይስቁ ነበር።

የተረፈ ፈረስ መብላት አለበት። በቅሎ ከከተማው ስለጠፋ አማቴ ዳማውን ለሙሽራ ማምጫ ያውሱት ጀመር፤ የሰርጉ ቤት በምላሹ ገብስና ጭድ ይሰጣል። ፈረሱ የተማረው እዚያ ነው። እልልታ ሲሰማ ደጃፍ ተደርሷል ማለት ነው፤ ይቆማል፣ ጎኑን ይሰጣል፣ ሙሽራዋ ስትወርድ አንድ እፍኝ ገብስ ይበላል። ከኔ በፊትም ከኔ በኋላም ብዙ ሙሽሮችን እንዲህ አድርጎ አስገብቷል። በከተማው ከእሱ ይበልጥ ጨዋ የሆነ ሚዜ አልነበረም።

ጣልያን ወጣ። የመጀመሪያው የነጻነት ጥምቀት ሲቃረብ የባለቤቴ አጎት፣ የሟቹ ታላቅ ወንድም፣ ከገጠር መጡ። ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ይህን አስቀድሜ መናገር አለብኝ። ኩሩ፣ ቃላቸውን የማያጥፉ፣ ፈረስ ከነፍሳቸው አብልጠው የሚወዱ ሰው ናቸው። ቁጭ ብለው ስዋቸውን ጠጡና ነገራቸውን አወጡ።

«ሓፍተይ» አሏቸው አማቴን፣ እህቴ ማለታቸው ነው፣ «የዚህ ፈረስ እናት የኔ ነበረች። ውርንጭላውን ለወንድሜ የሰጠሁት ለሜዳ ብዬ ነው። ወንድሜ ሞተ፤ ልጁ ልብስ ሰፊ ነው፤ ፈረሱም የሙሽራ መጓጓዣ ሆነ። ሜዳ የማይወጣ ከሆነ ወደ ቤቱ ይመለስልኝ።»

«ቤቱ የት ነው?» አሉ አማቴ። «ከአልጋዬ አጠገብ ያደረው እሱ አይደለም እንዴ?»

ነገሩ ሽማግሌ ፊት ሄደ። ሽማግሌዎቹ ዳዕሮው ስር ተቀምጠው ብዙ ካከራከሩ በኋላ እንዲህ ፈረዱ፤ ዳማው ከዚህ ቤት በወጣ ፈረሰኛ በጥምቀት ተሰልፎ፣ ከጉብታው እስከ ዳዕሮው ሳይቆም ከሮጠ የአማቴ ነው። መቅደም አይጠበቅበትም፣ መጨረስ ብቻ። ካልጨረሰ አጎትየው ይወስዱታል። አማቴ «ይሁን» ብለው ተነሱ። ቤት ስንገባ ግን ሄደው የፈረሱን አንገት አቀፉ። «ጓለይ» አሉኝ፣ ልጄ ሲሉ ነው፣ «ባለቤቴ ከሞተ ወዲህ እሱ ሲያሽካካ ነው ቤቴ ቤት የሚመስለኝ። ከወሰዱት እኔ ምን አለኝ?» ልጅ አለዎት፣ ምራት አለችዎት ልል ብዬ ተውኩት። የሚሉት ገብቶኛል።

ፈረሰኛው እንግዲህ ባለቤቴ ሊሆን ነው። ባለቤቴ የተባረከ ሰው ነው፤ ግን እግሩ ከስፌት መኪና በቀር ሌላ ነገር ጋልቦ አያውቅም ማለት ይቻላል። በልጅነቱ አባቱ ኮርቻ ላይ አስቀምጠውት ነበር ይላል፤ እኔ ግን ከኮርቻው ስለመውረዱ እንጂ ስለመቀመጡ የሚያስታውስ ሰው አላገኘሁም። ቢሆንም ሞከረ። ሱቁን በጊዜ እየዘጋ በሰሜን በኩል ወዳለው ባዶ ሜዳ እየወጣ ለፋ፣ ወደቀ፣ ተነሳ፤ ጥምቀት ሲደርስ ከፈረሱ ጋር ተስማምተው ነበር።

በዚያ ጥምቀት ሜዳው ከዘመን በኋላ መልሶ ሞላ። ሰዉ ያለቅሳል፣ ይስቃል፣ ይጨፍራል። ፈረሶቹ ከጉብታው ሲነሱ መሬቱ በእግሬ ስር ሲንቀጠቀጥ ተሰማኝ። ዳማው ከፊተኞቹ መካከል ነው! የሠርግ ፈረስ ያሉት ሁሉ አፋቸውን ያዙ። ሴቶቹ ዘንድ ሲደርሱ ሜዳው በሙሉ እልል አለ።

ዳማው ቀጥ ብሎ ቆመ።

ባለቤቴ በፈረሱ አንገት ላይ ተሽቀንጥሮ አቧራው ውስጥ ተዘረረ። ፈረሱ ጎኑን ለሴቶቹ ሰጠ፣ አንገቱን ዝቅ አደረገ፣ ገብሱን ጠበቀ። ሌሎቹ ፈረሶች በግራም በቀኝም አልፈውት ሄዱ። አንዱ «ሙሽራዋ የታለች?» ብሎ ሲጮህ ሜዳው በሳቅ ፈነዳ። አማቴ ሕዝቡን ሰንጥቀው ገቡ፤ ልጃቸው መትረፉን በዓይናቸው አረጋገጡና ከነጠላቸው ጫፍ ገብስ ፈትተው ለፈረሱ አበሉት። «ምን ያድርግ፣ የተማረውን ነው የሠራው» አሉ።

ከሳቁት መካከል አጎትየው አልነበሩም። ወደ ሽማግሌዎቹ ሄደው፣ «ይኼ ሜዳ ለዚህ ፈረስ እንግዳ ነው፤ በእንግድነቱ አልወስደውም። ለከርሞ ይታይ» አሉ። ይህን ጊዜ ነው የወደድኳቸው፤ ባልወዳቸው ይሻለኝ ነበር።

የዚያ ዓመት ነገር እንኳን ለፈረስ ለሰውም አይሆን። ባለቤቴ በመጀመሪያ ጥጥ በጆሮው ወተፈለት፤ ፈረሱ አናቱን አራግፎ ጥጡን ባለቤቴ ላይ ተፋው ማለት ይቻላል። ከዚያ የልብስ ሰፊ ጭንቅላቱ ሠራና ባለ ዘርፍ ቀይ የጆሮ ቆብ ሰፋለት። ውብ ቆብ ነበር፣ ለእኔም እንዲህ ያለ ነገር ሰፍቶልኝ አያውቅም። ፈረሱ ቆቡን ሲለብስ እንደ ተቆጣ ቄስ ተገትሮ ቆመ፤ ወደፊትም ወደኋላም አልሄድ አለ። በመጨረሻ ትምህርቱን እናስረሳው ተባለ። እኔ በየጠዋቱ ከጓሮ ሆኜ እልል እላለሁ፣ ገብስ ግን አይሰጠውም፣ እንዲህ እንዲህ እያለ ይተዋል ተብሎ ነበር። ገና በመጀመሪያው ጠዋት ጎረቤት ሁሉ «ወለደች!» ብሎ ገንፎ ለማገንፋት ቤታችንን ሞላው። አላረገዝኩም ብዬ መሐላ ገባሁ። ፈረሱም ቢሆን አልረሳም፤ እልል ባልኩ ቁጥር ይቆምና ገብሱን ወዴት እንዳደረግሁት ዞሮ ያየኛል። እኔው አፍሬ ተውኩት።

አንድ ቀን አማቴ ፈረሱን እየጠረጉ ሳለ እጃቸው ቆመ። «ጓለይ፣ ፈረሱን ማስተማር አቃተን። ሴቶቹን እንጠይቅ» አሉ።

«ምን ብለን ነው የምንጠይቃቸው?»

«ዝም በሉ ብለን።»

ሳቅሁ። የመቀሌን ሴት በጥምቀት ዝም በይ ማለት ዝናብን በክረምት ቁም ማለት ነው። እሳቸው ግን ነጠላቸውን አጣፍተው ሰኞ ገበያ ወጡ፣ እኔም ተከተልኳቸው። በየተራው ዞርን፤ ቅቤ ተራ፣ በርበሬ ተራ፣ ሸክላ ተራ፣ ጨው ተራ። አማቴ ሰው አይለማመጡም፤ ሲጠይቁም ቀና ብለው ነው የሚጠይቁት። «ለታቦቱ ጉሮሯችሁ እስኪደርቅ እልል በሉ። በጉግሱም እልል በሉ። ሽምጡ ሲጀመር ብቻ፣ ፈረሶቹ ዳዕሮውን እስኪያልፉ፣ አፋችሁን ያዙልኝ» ይላሉ። ለምን እንደሆነም አይደብቁም፤ «ፈረሴን ሊወስዱብኝ ነው» ይላሉ።

አንዳንዷ ወዲያው እሺ አለች። አንዲት ባልቴት በበዓል ዝምታ ሟርት ነው ብለው አማተቡ። ከአገሬ ከወሎ የመጣች የጥጥ ነጋዴ ነበረች፣ እስላም ናት፣ በበዓላችን እየመጣች ከኛ እኩል እልል የምትል። «አንቺ ያገሬ ልጅ፣ አማትሽን አይዞዎት በያቸው። ወላሂ፣ አፌን በሻሼ አስረዋለሁ፤ የኛንም ሴቶች እኔ እነግራለሁ» አለችኝ። ደስ ብሎኝ አቀፍኳት።

ከባዱ የፈረሰኞቹ እናቶች ነበሩ። አንዷ ቅቤዋን እየመዘነች ቀና ሳትል፣ «ኣደይ» አለች፣ እናቴ ማለቷ ነው፣ «የኔም ልጅ እኮ ይሮጣል። ዓመቱን ሙሉ ይህን ቀን ሲጠብቅ ነው የከረመው። እናቱ እልል ካላለችለት ማን ሊልለት ነው?» አማቴ አጠገቧ ቁጭ አሉ። «እውነትሽን ነው። የምለምንሽ ትልቅ ነገር ነው፤ ትንሽ ነው ብዬ አላታልልሽም። ዛፉን ሲያልፍ ግን ከጎንሽ ቆሜ ከአንቺ ጋር እልል እልለታለሁ። ባለቤቴ ከሞተ ጀምሮ እልል ብዬ አላውቅም፤ ላንቺ ልጅ እላለሁ» አሏት። ሴትዮዋ ሚዛኗን አስቀመጠች። ከዚያ ቅቤ በቅጠል ጠቀለለችና፣ «እንኩ፣ ለፈረስዎ ግንባር» ብላ ሰጠቻቸው።

አንዲት ሴት ግን አማቴ አልጠየቁም። የአጎትየው ሚስት ናት። አጎትየው የመጀመሪያ ሚስታቸው ከሞተች በኋላ ያገቧት፣ ከእሳቸው በዕድሜ በጣም የምታንስ፣ እልልታዋ ከሌላው ሁሉ ተለይቶ የሚታወቅ ሴት ነበረች። እሷ እልል ስትል ሌላው ሴት የሚያጅባት ይመስል ነበር። የእሷ አንድ ድምፅ ብቻውን ዳማውን ያቆመዋል። «ኣደይ፣ እሷን ካልጠየቁ የሌላው ሁሉ ልፋት ምን ይፈይዳል?» ብዬ ወተወትኳቸው።

«ከባሏ ፊት ምን ብላ ትመልስልኝ? እሺ ካለች ባሏን ካደች፤ እምቢ ካለች እኔን አስቀየመች። እኔ ፈረሴን ለማዳን የሰው ትዳር ውስጥ አልገባም» አሉ። ተናደድኩባቸው። አሁን ግን ሳስበው ከዚህ የበለጠ ጨዋነት አላውቅም።

ጥምቀት መጣ። ታቦታቱ ሲያልፉ ሴቶቹ የዓመቱን ሁሉ እልልታ አወረዱት፤ ለሽምጡ የሚቀር እንዳይኖር አስበው ይመስል። በጉግሱም እንዲሁ። ከዚያ ፈረሶቹ ወደ ጉብታው ወጡ። እኔ ከዳዕሮው በዚህ በኩል ቆሜያለሁ። ዞር ስል ከጎኔ የቆመችው የአጎትየው ሚስት ናት። በዚያ ሁሉ ሕዝብ መካከል እኔ አጠገብ!

ፈረሶቹ ተነሱ። ወንዶቹ ይጮኻሉ፤ ወንድ ቢጮህ ዳማው ግድ የለውም። ወደኛ እየቀረቡ ሲመጡ ግን የወንዶቹም ጩኸት ቀስ በቀስ ሞተ፤ የሆነ ነገር እንደጎደለ ገብቷቸው ግራና ቀኝ ይተያዩ ጀመር። የሴቶቹ ሰልፍ ዝም ብሏል። ነጠላዋን የነከሰች አለች፣ ዓይኗን የጨፈነች አለች፣ የጎረቤቷን አፍ በእጇ የያዘች አለች። ያቺ ቅቤ ነጋዴ ልጇ በነጭ ፈረስ ሁሉንም ቀድሞ በፊቷ ሲያልፍ እንባዋ ኮለል እያለ ዝም አለች። ኮቴው ብቻ ይሰማል። በሕይወቴ እንደዚያ ያለ ዝምታ ሰምቼ አላውቅም።

ዳማው መጣ። ባለቤቴ ጋማው ላይ ተደፍቷል። ከጎኔ ያለችው ሴት እጇን ወደ አፏ ስታነሳ አየሁ፤ እልል የሚሉበት እጅ ነው፣ ልማድ ሆኖ በራሱ ይነሳል። እጇ አፏ ላይ ደረሰ። ከዚያ ነጠላዋን በጭብጧ ሰብስባ አፏ ውስጥ ወተፈችው። ዳማው በፊታችን እንደ ነፋስ አለፈ። ዳዕሮውን ዞረ። ጨረሰ! አራተኛ ይሁን አምስተኛ ማንም አልቆጠረም።

ከዚያ በኋላም ሴቶቹ ለመጀመር ፈርተው ለጥቂት ጊዜ ዝም እንዳሉ ቆዩ። ዝምታውን የሰበሩት አማቴ ናቸው። በቅቤ ነጋዴዋ ጎን ቆመው፣ ባረጀ፣ በተሰነጣጠቀ ድምፅ እልል አሉ፤ ለሌላ ሴት ልጅ። ሜዳው ተከተላቸው። በዳዕሮው ማዶ እያዘገመ የነበረው ዳማ ይህን ሲሰማ ቀጥ ብሎ ቆመና ባለቤቴን ዳግመኛ መሬት ላይ አወረደው፤ እሱም ተነስቶ አቧራውን ሳያራግፍ ፈረሱን ሳመው። አጎትየው ሽማግሌዎቹ እስኪጠይቋቸው አልጠበቁም። «ፈረሱ የእህቴ ነው» አሉ፣ ሁሉም በሚሰማው ድምፅ። ሴቶቹ ምን እንዳደረጉ ገብቷቸው ነበር፤ ግን ነገሬ ብለው አላነሱትም።

አመሻሹ ላይ ቤታችን በሰው ተሞልቶ እያለ የአጎትየው ሚስት መጣች። በትንሽ ሰፌድ ገብስ ይዛለች። ገብሱን ለፈረሱ ሰጠችና ገብታ ከበሩ አጠገብ ቆመች። አማቴ ሰዉ እስኪቀንስ ጠብቀው አስጠጓት።

«ጓለይ» አሏት፣ «ከጎንሽ የነበረችው ምራቴ ያየችውን ነግራኛለች። እኔ አልጠየቅሁሽም። ለምን አደረግሽው?»

«እንዴ ኣደይ! ፈረሱን ቢወስደው ማን ሊያጥበው ነው? ፋንድያውን ማን ሊጠርግ ነው? እሱ እንደሆነ በዓመት አንድ ቀን ነው የሚጋልበው፤ የቀረውን ቀን ሁሉ ፈረሱ የኔ ነው!»

ቤቱ በሳቅ ተናጋ። እኔ በተለይ ሆዴን ይዤ ሳቅሁ። እሷም አብራን ሳቀች፤ ከዚያ ሳቋ ቆመና ወደ መሬት አየች።

«ደግሞም» አለች ዝግ ብላ፣ «ሰውዬው ከኔ በጣም ይበልጣል። አንድ ቀን ይቀድመኛል። ያን ቀን የወንድሞቹ ልጆች መጥተው በሬዬን፣ ላሜን፣ የተኛሁበትን ቤት ሲጠይቁኝ፣ ‹ያቺ እንኳ ፈረሷን አስረክባ የለም እንዴ› እንዲሉኝ አልፈለግሁም።»

አማቴ ከተቀመጡበት አጎዛ ተነስተው እሷን አስቀመጧት፣ እሳቸው ከአጠገቧ መሬት ላይ ቁጭ ብለው እጇን ያዙ። ትንሽ ቆይቶ ከባሏ ዘንድ ሰው መጣና ደጅ ቆሞ፣ መንገድ ሳይመሽብን ትምጣ ተብላለች አለ።

«ከእህቷ ጋር ናት፣ ትንሽ ይጠብቅ በለው» አሉ አማቴ፣ እጇን ሳይለቁ።